ሻምበሉ ተጸጸተ፤ ታዲያ ለምን ከፋኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ክርስቲያናዊ የሆነ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ አዋሰችኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በ1890 የአሜሪካ ጦር ላኮታ የተባሉትን ነባር ሕዝቦች በፈጀበት የዉንድድ ኒ ጭፍጨፋ የተሳተፈ የፈረሰኛ ጦር ሻምበል ነው። ከጦሩ ወጥቶ ሌላ ግዛት ይገባል፣ ከአንዲት መምህርት ጋር ይፋቀራል፣ ምስጢሩ ይወጣል፣ ንስሐ ይገባል፣ ይጋባሉ። እስከ መሀሉ ድረስ ከእጄ ላወጣው አልቻልኩም ነበር። ስጨርሰው ግን ቅር አለኝ። ምክንያቱን በውል ለመናገር አቃተኝ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ መደረጉ ራሱ ስሕተት ይመስለኛል። ያዋሰችኝ እህት ደግሞ «ክርስቶስ ይቅር ያለውን የምትከሺው አንቺ ማን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ወር በንባብ ቡድናችን ልንወያይበት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ?

ምላሽ፦ የመጽሐፉ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን እርስዎ በጠቆሙት ቦታ አላገኘሁትም። ርዕሱን አልጻፉልኝም፤ እኔም ለመገመት አልሞክርም፤ የነገሩኝ የአንድ መጽሐፍ ሳይሆን የአንድ ዘውግ ጠባይ ነውና። በክርስቲያናዊ ልብ ወለድ አርታኢነት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ይህ ሻምበል ስሙንና የደንብ ልብሱን እየቀያየረ ጠረጴዛዬ ላይ ደጋግሞ መጥቷል። (ከአንዱ በቀር፣ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የማልስማማበትን አስቀድሜ ልናገር። ደም ያፈሰሰ ሰው የታሪክ ማዕከል አይሁን ካልን መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምረን መዝጋት ሊኖርብን ነው። ሙሴ ግብፃዊውን ገድሎ አሸዋ ውስጥ ደብቆታል። ሳውል እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። በገዳይ ልብ ውስጥ ገብቶ መጻፍ ከባድ፣ ግን የተከበረ ሥራ ነው፤ ሻምበሉን የመረጠው ደራሲ በምርጫው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ከመረጠው በኋላ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት የዘውጉን አሠራር ከጓዳው በኩል ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ በአሜሪካ የምናየው የክርስቲያናዊ የፍቅር ልብ ወለድ ገበያ የደራው በ1979 ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ በምዕራቡ ሜዳ ስለሚኖሩ ሰፋሪዎች የጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ነው። አሳታሚዎች ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን ልማድ አበጁ። ሦስት ክሮች አብረው ይገመዳሉ፦ ፍቅሩ፣ እምነቱና የውጭው ግጭት። ጥንዶቹ ከጋብቻ በፊት ከመሳሳም አያልፉም። ስድብ የለም። መጠጥ ካለም ብዙውን ጊዜ በክፉው ገጸ ባሕርይ እጅ ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ምስጢር ይወጣና ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ይንበረከካል፣ ልቡ ይሰበራል፣ ሌላው ይቅር ይላል። መዝጊያው ጋብቻ መሆኑ ለድርድር አይቀርብም። ይህን ሁሉ ስዘረዝር እያፌዝኩ አይደለም። የሠርግ ዘፈን ሁልጊዜ ስለ ሙሽሮች ነው ተብሎ አይነቀፍም፤ አንባቢም መጨረሻውን እያወቀ የሚገዛው መንገዱን ስለሚወድ ነው።

ጣጣው የሚመጣው «ያ ምስጢር ምን ይሁን?» ሲባል ነው። ረቂቅ ሲቀርብልኝ የማደርገው አንድ ሙከራ አለ። ምስጢሩን አወጣና በሌላ እተካዋለሁ። ሻምበሉ በዉንድድ ኒ የነበረ ሰው መሆኑ ቀርቶ የባንክ ዕዳ ጥሎ የጠፋ ሰው ቢሆንስ? ወይም በሌላ ከተማ እጮኛውን ትቶ የመጣ? መምህርቷ እንደ በፊቱ ታለቅሳለች። ሻንጣዋን ትሸክፋለች። እሱ በፈረስ ይከተላታል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሽማግሌው ፓስተር ምክር ይሰጣል። ከጥቂት ገጾች በላይ መለወጥ ካላስፈለገኝ ጭፍጨፋው መቼት ነበር እንጂ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው ጸጸት ክብደት እንዲሰጥ የተሰቀለ መጋረጃ ነበር። እርስዎ በላኩልኝ የሴራ ማጠቃለያ ላይ ሞክሬዋለሁ። አንድም ነገር ከቦታው አልተናጋም።

ቅር ያለዎት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መምህርቷ ይቅር አለችው፤ ግን ምን በድሏት? ያለፈ ሕይወቱን ደብቋታል፤ ይህን ይቅር ማለት መብቷ ነው። የተገደሉትን በተመለከተ ግን የምትሰጠው ይቅርታ የላትም፤ የእሷ አይደለምና። ዘውጉ ሁለቱን ይቅርታዎች አንድ ላይ ጠቅልሎ በእሷ አፍ ያናግራቸዋል፣ ከዚያ ወደ ሠርጉ ይሄዳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ወጊው ከቶ አይረሳም፤ ሌሊት ይቃዣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ ይደነግጣል። የተረሳው ተወጊው ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ሻምበሉን፣ መምህርቷን፣ ንስሐውንና ጋብቻውን ነግረውኛል። ከላኮታ ሕዝብ ግን አንድም ሰው አልጠቀሱልኝም። የዘነጉት እርስዎ አይመስሉኝም።

ስም ያላቸው ሰዎች ጠፍተው አይደለም፤ ቦታው እዚያው በግዛትዎ ደቡብ ምዕራብ ነው። የሚኒኮንጁ ላኮታ አለቃ ስፖትድ ኤልክ፣ ወታደሮቹ ቢግ ፉት የሚሉት፣ በሳንባ ምች ታሞ በሠረገላ ተኝቶ ነበር። ፓይን ሪጅ ወደሚባለው የላኮታዎች የተከለለ ይዞታ ይዟቸው የሚጓዘው ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ሰው ሲሆን አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ዲሴምበር 28 ቀን 1890 ፈረሰኞቹ አገኟቸውና ነጭ ጨርቅ አውለብልበው እጃቸውን ሰጡ። በማግስቱ ጠዋት ሰባተኛው የፈረሰኛ ክፍለ ጦር መሣሪያቸውን ሲያስፈታ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ በቅርብ ርቀት ተኩስ ተከፈተ፤ ከኮረብታው ላይ ደግሞ አራት የሆችኪስ መድፎች በድንኳኖቹ ላይ ዘነቡ። በተለያዩ ግምቶች ከሁለት መቶ ሃምሳ እስከ ሦስት መቶ ላኮታዎች ሞቱ። ከወታደሮቹ ሃያ አምስት ሞቱ፤ አንዳንዶቹን የመታቸው የራሳቸው ወገን ጥይት ነበር። ቀጥሎ የመጣው የበረዶ ማዕበል ካለፈ በኋላ 146 አስከሬኖች በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። መንግሥት ሃያ ለሚሆኑ ወታደሮች ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ሸለመ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ በዚያ ምሽት የሆነው ነው። ቁስለኞቹ ወደ ፓይን ሪጅ ተወስደው ሆስፒታል ስላልነበረ ቅዱስ መስቀል ወደምትባለው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ገቡ። አግዳሚ ወንበሮቹ ተነቅለው ወጡ፤ ወለሉ ላይ ድርቆሽ ተነጠፈ፤ በድርቆሹ ላይ ብርድ ልብስ። የገና አረንጓዴ ጉንጉኖች ገና ከመስኮቶቹና ከበሮቹ አልወረዱም ነበር። ቁስለኞቹን የሚያክመው ሐኪም ቻርልስ ኢስትማን፣ በዳኮታ ስሙ ኦሂየሳ፣ ራሱ ከላኮታዎች ጋር የሚዛመደው የዳኮታ ሕዝብ ተወላጅ ነው። ክርስቲያን ነው። በዚያው ዓመት ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ እዚያ ከደረሰ ሁለት ወር አልሞላውም። ከጎኑ ቁስለኞቹን የምታስታምመው ኢሌን ጉዴል ከማሳቹሴትስ የመጣች መምህርት፣ በሁለቱ የዳኮታ ግዛቶች የነባር ሕዝቦች ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ናት። ሁለቱ የተጫጩት በዚያው ሰሞን ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ታሪክ ከተባለ ይኸው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ ማንም ሳይፈጥረው ተቀምጧል። መምህርቷም እንኳ አለች! አዲሱ ዓመት በገባበት ቀን ኢስትማን በሕይወት የተረፈ ካለ ለመፈለግ ወደ ስፍራው ሄደ። ከድንኳኖቹ ሦስት ማይል ያህል ርቆ በረዶ የሸፈነው የአንዲት ሴት ሬሳ አገኘ፤ ሲሸሹ ተከትለው እንደገደሏቸው የተረዳው ከዚህ ነው። አንዲት የአንድ ዓመት ያህል ሕፃን ተጠቅልላ ምንም ሳትጎዳ በሕይወት ተገኘች። በነጮች ክርስቲያናዊ ፍቅር ላይ እምነቱን ሁሉ በቅርቡ ለጣለ ሰው ያ ቀን ብርቱ ፈተና እንደነበረ ኢስትማን ከብዙ ዓመት በኋላ ጽፏል። ቢሆንም እምነቱን ጥሎ አልሄደም፤ እኛ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) በምንለው ማኅበር ውስጥ በነባር ሕዝቦቹ ዘንድ ለዓመታት አገልግሏል። ከኢሌን ጋር በሰኔ 1891 ኒው ዮርክ ውስጥ ተጋቡ፤ ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተለያዩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የዘውጉ አርታኢ ይሰርዘዋል፤ እኔም በሥራ ሰዓቴ ሳልሰርዘው አልቀርም ነበር።

አሁን ወደ እህትዎ ክርክር እንመለስ፤ ቀላል ክርክር አይደለምና። ክርስቶስ ይቅር ያለውን የሚከስ ማን ነው? ከዚህም ጠንካራ ማስረጃ ልትጠራ ትችላለች፦ ዳዊትን። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ከወሰደ በኋላ በጸለየው የንስሐ መዝሙር፣ በኦርቶዶክሱ ቁጥር 50፣ በወንጌላውያኑ 51 ላይ «አንተን ብቻ በደልሁ» ይላል። ብቻ! ኦርዮ የት ሄደ? በዚህ መዝሙር ላይ ብቻ ብንቆም ልብ ወለድዎ ትክክል ነው፤ ንስሐ በበደለኛውና በእግዚአብሔር መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ተራኪው ግን ምን እንዳደረገ ይዩ። የሁለተኛ ሳሙኤል ጸሐፊ ኦርዮ በቤተ መንግሥቱ ደጅ እንዴት እንደተኛ፣ ጓዶቹ በሜዳ ሰፍረው እሱ ወደ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ለመተኛት ለምን እንቢ እንዳለ፣ የሞት ፍርዱን የያዘውን ደብዳቤ በገዛ እጁ እንዴት እንደወሰደ አንድ በአንድ ይነግረናል። አንባቢ ኦርዮን ያውቀዋል፣ ይወደዋል፣ ከዚያ ያጣዋል። ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህን በስሟ መጥራት ይችል ነበር፤ አልጠራትም። «የኦርዮ ሚስት» አላት። ዳዊት ይቅርታ አግኝቷል፤ ዙፋኑም ከዘሩ አልወጣም፤ የሟቹ ስም ግን በወንጌሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ። ተጸጻቹ «አንተን ብቻ» ሊል ይችላል፤ ታሪኩን የሚነግረው ሰው ግን እንዲህ የማለት ፈቃድ የለውም። ከልብ ወለድዎ የጎደለው ይህ ነው። ደራሲው የሻምበሉን ጸሎት ጽፎ የተራኪውን ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ንስሐውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ አለቀሰ አልተባለም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የተራራው ስብከትም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። በእኛ አገርም ደም የፈሰሰበት ሽምግልና ያለ ካሳ አይቋጭም፤ ገዳይ ቤቱ ተቀምጦ በማልቀሱ የሟች ወገን ታርቆለት አያውቅም።

ሻምበሉ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም እንዳይሉኝ። ጄኔራል ኔልሰን ማይልስ የዕለቱን አዛዥ ኮሎኔል ጄምስ ፎርሳይትን ከሥልጣኑ አግዶ ምርመራ እንዲካሄድ አድርጎ ነበር። ፎርሳይት ነጻ ወጣ፤ በኋላም ሜጀር ጄኔራል ሆነ። በዚያ ምርመራ ላይ ቆሞ ያየውን የሚናገር አንድ ሻምበል ምን ይገጥመው ነበር? ይህ ራሱ አንድ ልብ ወለድ ነው። ማይልስ በእርጅናው ለተረፉት ሰዎች ካሳ እንዲከፈል ወትውቷል። ዲዊ ቢርድ የተባለው ላኮታ በዚያ ጭፍጨፋ ሰበብ እናትና አባቱን፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን አጥቶ በ1938 ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ በምክር ቤት ፊት መስክሯል። የካሳው ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1990፣ በመቶኛው ዓመት፣ ምክር ቤቱ «ጥልቅ ጸጸት» እንደሚሰማው ገለጸ፤ ካሳ ግን አልነበረበትም። መንግሥትም እንደ ሻምበሉ ተጸጸተና በዚሁ አበቃ። የተጸጸተ ሻምበል እነዚህ ሰዎች ደጅ ቢሄድ፣ በሩን የሚከፍቱለት መሆናቸው እርግጠኛ ባይሆንም፣ ሴራው ከመምህርቷ እንባ የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር ያገኝ ነበር። ፍቅሩም አይጎዳም፤ አብራው የምትሄድና የማትሄድ ሴት ልዩነቷ ያኔ ይታያልና።

ይህ የአሜሪካኖች ብቻ ድክመት እንዳይመስለን። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ ከተመለከቱት የዚህ ዘውግ ታላቅ ወንድም ነው፦ የጥንት ዘመን ጦርነት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ፣ በፍቅሯ የሚወድቅ አረመኔ ንጉሥ፣ የንጉሡ መጠመቅ፣ ጋብቻ። የአፈወርቅ አማርኛ እስካሁን ያስደንቀኛል፤ ግን በዚያ ጦርነት የወደቀውን ሕዝብ በሠርጉ ዕለት የሚያስብ ሰው እዚያም የለም። አፈወርቅ ግን ዘመኑን ስም በሌለው ጥንት ውስጥ አስቀምጦታል፤ የሟቾቹ የልጅ ልጆች መጽሐፉን ከፍተው አያታቸውን አይፈልጉበትም። የዉንድድ ኒ ሰዎች ዘሮች ግን ዛሬም ፓይን ሪጅ ውስጥ አሉ፤ የመቃብሩን አጥር የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው።

ቅሬታው የእርስዎ ብቻ አለመሆኑንም ይወቁ። በ2021 የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር በሃይማኖታዊ ዘርፍ የሸለመው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ በዉንድድ ኒ የተሳተፈ የጦር መኮንን ነበር። ብዙ አንባቢዎችና ደራሲዎች ተቃወሙ፤ ማኅበሩም በቀናት ውስጥ ሽልማቱን ሰረዘ። አሳታሚው በበኩሉ ገጸ ባሕርዩ በሠራው ተጸጽቶ ለማስተሰረይ መጣሩን በመጥቀስ ተከራከረ፤ ማለትም እህትዎ ያለችውን አለ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የአስቴርን ታሪክ ወደ ናዚ ማጎሪያ ካምፕ ወስዶ አይሁዳዊቷን ከካምፑ አዛዥ ጋር ያፋቀረ መጽሐፍ ለዚያው ማኅበር ሽልማት ታጭቶ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ሽልማት መንጠቁ ጥሩ መፍትሔ ነበር ብዬ አላምንም፤ ዳኞቹ አስቀድመው ማንበብ ነበረባቸው። ጠቡ ግን ስለ ቃላት አመራረጥ ወይም ስለ ልብስ ስፌት ስሕተት አልነበረም፤ እርስዎ የተሰማዎት ያው ነገር ነው።

መሀሉ ድረስ በመውደድዎ አይፈሩ። ደራሲው ሙያውን ያውቃል፤ ፍቅሩን አጥብቆ ገምዶታል፤ እርስዎም እንደ ማንኛውም ጤነኛ አንባቢ ተከትለውታል። የከፋዎት በመጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ አንድ አበዳሪ እንዳልተከፈለው ስላዩ ነው።

ለንባብ ቡድኑ እንግዲህ ይህን እመክራለሁ። መጽሐፉን «ይነበብ ወይስ አይነበብ» በሚል ክርክር አይጀምሩ፤ እህትዎ ትከላከላለች፣ እርስዎ ያጠቃሉ፣ ምሽቱ ያልቃል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይግቡ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ኦርዮ ማን ነው፣ ስሙስ በየትኛው ገጽ ላይ ተጽፏል? ስም ካገኙ እኔ ተሳስቼ እርስዎም ቸኩለው ይሆናልና መጽሐፉን እንደገና ያንብቡት። ካላገኙ እህትዎ ራሷ የምትለውን ይስሙ፤ ያዋሰችዎት ስለወደደችው ነው፤ የሚወዱትን መጽሐፍ ጎዶሎ ማየት ጊዜ ይወስዳል።

ከስብሰባው በፊት ደግሞ ኢስትማን በ1916 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ይፈልጉ። የቅጂ መብቱ ያለፈበት ስለሆነ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። መላው ቡድን ሁሉንም ማንበብ የለበትም፤ ስለ መንፈስ ጭፈራው ጦርነት፣ ማለትም ስለዚያ ሰሞን ግጭት፣ የሚተርከው ምዕራፍ በአንድ ምሽት ያልቃል። ያንን ምዕራፍ ለሁሉም ይላኩላቸው፤ ላዋሰችዎት እህት ግን አትመው በእጇ ይስጧት።